ድርጅቱ ሥራ ሲያቆም የአራስ እናት ደመወዝ ይቆማል?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው እንዲህ ነው። እናቲቱ በደቡብ ጎንደር መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በግል ክሊኒክ፣ በሆቴል፣ በባንክ ቅርንጫፍ ወይም በንግድ ድርጅት ተቀጥራ ትሠራለች። ወልዳ ገና አራስ ሳለች ድርጅቱ ሥራ ያቆማል። ከዚያ ስልክ ይደወልላትና «ሠራተኛው በሙሉ ታግዷል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝ የለም። የአንቺም የወሊድ ፈቃድ ወደ እገዳ ስለተዛወረ መጥተሽ ፈርሚ» ትባላለች። ልጅ ታቅፋ ቢሮ ድረስ ሄዳ የፈረመች ብዙ ናት። መብቷን የምትጠይቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፈረመች በኋላ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውና። የወሊድ ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሲሆን በእገዳ ጊዜ ግን ደመወዝ አይከፈልም። ስለዚህ ከወሊድ ፈቃድ ወደ እገዳ «መዛወር» ለእናት ኪሳራ እንጂ ጥቅም የለውም። አሠሪው በራሱ ውሳኔ ሊያዛውርዎ የሚችልበት ሕጋዊ መሠረትም የለም። ዝርዝሩን ከታች ያንብቡ፤ ከመፈረምዎ በፊት ቢያነቡት ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

መጀመሪያ፦ የትኛው ሕግ ይመለከትዎታል?

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ ሠራተኞችን ነው። የግል ድርጅት፣ የባንክ፣ የሆቴል፣ የግል ትምህርት ቤትና የግል ጤና ተቋም ሠራተኞች በዚህ አዋጅ ሥር ናቸው። የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞችም እንዲሁ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ከሆነ ግን የሚመለከትዎ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ ከታች ስለ እገዳ የተጻፈው ለእርስዎ አይሠራም። በቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ እህቶችና የሥራ መሪዎችም ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው።

የወሊድ ፈቃድ ምን ይሰጥዎታል?

የወሊድ ፈቃድ ከአሠሪው ቸርነት የመጣ አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዝርዝሩን የሚወስነው የአዋጁ አንቀጽ 88 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት፦

• ከእርግዝናዎ ጋር ለተያያዘ የሕክምና ምርመራ ደመወዝ ሳይቆረጥብዎ ፈቃድ ያገኛሉ። መመርመርዎን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ግን ማቅረብ አለብዎት።

• ከመውለድዎ በፊት ሐኪም እረፍት እንዲያደርጉ ካዘዘ ያ እረፍት ደመወዝ የሚከፈልበት ነው።

• ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለዎት። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/96 ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ብቻ ነበር።

• የቅድመ ወሊድ ፈቃዱ 30 ቀን አልቆ ካልወለዱ እስኪወልዱ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጥዎታል። ቀድመው ከወለዱ ደግሞ የድኅረ ወሊዱ 90 ቀን ከወለዱ ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል።

የአባትም መብት አለ። ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ያገኛል።

በአካባቢያችን ልማድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የሕጉ 90 ቀን ሁለቱንም አሳልፎ እናቲቱ ትንሽ አቅም እስክታገኝ ድረስ ይዘልቃል። ዓላማውም ይኸው ነው፤ የተሰጠው ለእናትና ለሕፃን ጤና እንጂ ለድርጅቱ የሥራ ሁኔታ ተብሎ አይደለም።

እገዳ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ እገዳ ሲባል ሠራተኛ አጥፍቷል ተብሎ ጉዳዩ እስኪጣራ የሚደረገው እገዳ አይደለም። የምናወራው አዋጁ ከአንቀጽ 17 እስከ 22 ስለደነገገው፣ ከሥራ ውል የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ታግደው ስለሚቆዩበት ሁኔታ ነው። ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪው አይከፍልም፣ የሥራ ውሉ ግን አልተቋረጠም።

አሠሪው በራሱ ችግር ምክንያት ሠራተኛን ሊያግድ የሚችለው በሁለት ሁኔታዎች ነው። አንደኛው ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የድርጅቱ ሥራ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቋረጥ ነው። ሁለተኛው የአሠሪው ጥፋት ያልሆነ የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲያስቆመው ነው። ለአካባቢያችን ሠራተኛ ሁለቱም እንግዳ አይደሉም። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደረሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ሲዘጋና ዕቃ አልገባ ሲል ሥራ የሚያቆም ድርጅት አለ፤ ችግሩም እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን እውነተኛ ችግር መኖሩ ብቻውን እገዳን ሕጋዊ አያደርገውም። አሠሪው የሚከተለው ሥርዓት አለ፦

1. ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በእኛ ክልል ይህ ሥራ የሥራና ስልጠና መዋቅሩ ነው።

2. ባለሥልጣኑ ማስታወቂያው በደረሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት መኖር አለመኖሩን ይወስናል። በዚህ ጊዜ ካልወሰነ እገዳው እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

3. በቂ ምክንያት የለም ካለ ሥራው እንዲቀጥልና ሠራተኞች ታግደው ለቆዩበት ጊዜ እንዲከፈላቸው ያዛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

4. እገዳው ከተፈቀደ የሚቆይበት ጊዜ ይወሰናል፤ ከ90 ቀን ግን ሊበልጥ አይችልም።

ስለዚህ «ቆዩ፣ እንጠራችኋለን» ብሎ በስልክ ማሰናበት እገዳ አይደለም። ለባለሥልጣን ያልተነገረና መነሻና መድረሻ ቀን የሌለው «እገዳ» ሲያጋጥም ሠራተኛው ደመወዙን የመጠየቅ ጠንካራ መሠረት አለው።

ሁለቱ ሲገናኙ

የጥያቄው እምብርት እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሁኔታዎችን ለይተን እንይ።

ሀ) በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳሉ እገዳ ከተጀመረ

አንቀጽ 17 በእገዳ ጊዜ የአሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ እንደሚቆም ይናገራል። ነገር ግን በአዋጁ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በስተቀር የሚል ገደብ አስቀምጧል። የወሊድ ፈቃድን ከደመወዝ ጋር የደነገገው አንቀጽ 88 ያለው በዚሁ አዋጅ ውስጥ ነው። ከበላይ ደግሞ ሙሉ ደመወዝ የሚለው ሕገ መንግሥት አለ። ሌላም ነጥብ አለ። እገዳ የሚያቆመው ሥራንና ለሥራው የሚከፈለውን ደመወዝ ነው። አራሷ እናት በዚያን ጊዜ ሥራ የመሥራት ግዴታ ስለሌለባት በእርሷ በኩል የሚቆም ሥራ የለም። የሚከፈላት ልጅ ስለወለደች ነው፤ መውለዷን ደግሞ የድርጅቱ መዘጋት አይሽረውም።

እንደ ሕግ ባለሙያ አቋሜ ግልጽ ነው፦ በፈቃድ ላይ ሳሉ የመጣ እገዳ የወሊድ ፈቃድ ክፍያዎን ሊያስቆም አይገባም። አዋጁ ይህንኑ ጉዳይ በስም ጠርቶ የያዘ ንዑስ አንቀጽ ስለሌለው አሠሪው ሊከራከር ይችላል። ከላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች በአቤቱታዎ ላይ የሚሰፍሩ መልሶችዎ ናቸው።

ለ) ፈቃዱ ሲያልቅ ድርጅቱ ገና ዝግ ከሆነ

የወሊድ ፈቃድዎ ካለቀበት ማግስት ጀምሮ እንደ ሌሎቹ ሠራተኞች ነዎት። እገዳው ሕጋዊ ከሆነ ለቀሪው ጊዜ ደመወዝ አይከፈልዎትም። በቀን አስልተን እንየው። ታኅሣሥ 1 ወልደዋል፤ ድርጅቱ ደግሞ ከጥር 15 ጀምሮ ለ90 ቀን ታግዷል እንበል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቀኖቹ በተከታታይ ሲቆጠሩ የድኅረ ወሊድ ፈቃድዎ የካቲት 30 ያልቃል። እገዳው የሚያልቀው ሚያዝያ 14 ነው። እስከ የካቲት 30 ሙሉ ደመወዝ ይጠይቃሉ። ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 14 ያለው 44 ቀን ያለ ደመወዝ ያልፋል። ሚያዝያ 15፣ የሥራ ቀን ከሆነ፣ ሥራ ቦታዎ ላይ መገኘት አለብዎት፤ አሠሪውም እርስዎን የመቀበል ግዴታ አለበት። ያን ቀን አይቅሩ። ቢሮው ዝግ ቢሆንም እንኳ መሄድዎን የሚያውቅ ምስክር ይኑርዎት።

ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለዎት ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አያይዘው እንዲሰጥዎ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ደመወዝም ይከፈልበታል። መቼ እንደሚወጣ ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ቢሆንም ጥያቄዎን የመመልከት ኃላፊነት አለበት።

ሐ) ነፍሰ ጡር ሳሉ እገዳው ቀድሞ ከተጀመረና በመካከሉ ከወለዱ

ይህ ከሁሉም የበለጠ የሚያከራክረው ነው። አሠሪው «በእገዳ ላይ የነበረች ሠራተኛ ፈቃድ የምትወጣበት ሥራ የላትም» ይላል። የሠራተኛዋ መልስ የሚነሣው የሥራ ውሉ ካለመቋረጡ ነው። ሠራተኛ መሆኗ ስላልቀረ የነፍሰ ጡር ሠራተኛ መብቷም አልቀረም። ስለዚህ የሐኪም ማስረጃዎን አያይዘው የወሊድ ፈቃድ መጠየቂያዎን እገዳ ላይ እያሉም ቢሆን በጊዜው ያስገቡ። ያልተጠየቀ ፈቃድ በፍርድ ቤት ለማስረዳት ይከብዳል።

ወረቀቱ ላይ አይፈርሙ

ሕጉ ሌላም የእገዳ ምክንያት ይዟል። እርሱም በሠራተኛው ጥያቄ የሚሰጥ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። «ወደ እገዳ ተዛውሬያለሁ» የሚለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሲነበብ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» ወይም «ከወሊድ ፈቃዴ በራሴ ፍላጎት ተመልሻለሁ» የሚል ሆኖ ይገኛል። እዚያ ላይ መፈረም አሠሪው ያላገኘውን ምክንያት በእርስዎ እጅ መስጠት ነው። ለማንበብ ጊዜ ይጠይቁ፤ ኮፒ ይውሰዱ። ደርሶኛል ብለው መፈረም ግድ ከሆነ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብለው ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ።

አንዳንድ እህቶች ከውጭ አገር ዘመዶቻቸው የሰሙትን ይዘው «እገዳ ይሻለኛል» ይላሉ። እንግሊዝ አገር በኮሮና ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 እስከ መስከረም 2021፣ ሥራ ላቆሙ ሠራተኞች መንግሥት የደመወዛቸውን እስከ 80 በመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ ይሸፍን ነበር። የወሊድ ክፍያቸው ከዚያ ያነሰ እናቶች ለአሠሪያቸው የ8 ሳምንት ማስታወቂያ ሰጥተው የወሊድ ፈቃዳቸውን በማሳጠር ወደዚያ ክፍያ ለመግባት ምክንያት ነበራቸው። በእኛ አገር ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው። በእገዳ ጊዜ ደመወዝ የሚተካ የመንግሥት ፈንድ የለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም፣ አሠሪው 11 በመቶ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ቢሆንም፣ ለወሊድም ሆነ ለእገዳ አይከፍልም። እዚህ የወሊድ ፈቃድን አሳጥሮ ወደ እገዳ መግባት ሙሉ ደመወዝን በባዶ መለወጥ ነው።

ከሥራ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ?

አንቀጽ 87 አሠሪው በእርግዝናዎ ጊዜና ከወለዱ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ የሥራ ውልዎን እንዳያቋርጥ ይከለክላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ጥበቃው እስከ መጋቢት መጨረሻ ይዘልቃል፤ ከፈቃዱ በአንድ ወር ይረዝማል። ልዩ ሁኔታዎቹ ጠባብ ናቸው፤ በሕጉ የተዘረዘሩ የሠራተኛ ጥፋቶችና ሥርዓቱን የተከተለ የሠራተኛ ቅነሳ ናቸው። በቅነሳም ቢሆን ችሎታና የሥራ ውጤት እኩል ሲሆን ነፍሰ ጡሮችና በወለዱ በአራት ወር ውስጥ ያሉ እናቶች ተራው የሚደርሳቸው በመጨረሻ ነው። ቅነሳ የሚባለውም ከጠቅላላ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ሠራተኞቹ ከ20 እስከ 50 ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ 5 ሠራተኞችን የሚነካ ሲሆን ነው። አንዲትን አራስ ለይቶ ማሰናበት «ቅነሳ» ተብሎ ሊሸፈን አይችልም። እርግዝና ራሱ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆንም አዋጁ በግልጽ ጽፏል።

ከሕግ ውጪ ከተሰናበቱ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ወይም ካሳ እንዲከፈልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ካሳ የአማካይ ቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ የማስታወቂያ ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል።

ድርጅቱ በእገዳው ጊዜ ውስጥ ሥራ መጀመር እንደማይችል ባለሥልጣኑ ካመነበት ደግሞ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዎታል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የአማካይ ቀን ደመወዝ 30 እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ወይም ቅነሳ ከተደረገ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይታከልበታል።

ምን ልሰብስብ? የት ልሂድ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። በሥራ ክርክር ይህ ቀጥተኛ እውነት ነው። እነዚህን ይያዙ፦

• የቅጥር ውልዎን ወይም ሠራተኛ መሆንዎን የሚያሳይ መታወቂያና የደመወዝ መግለጫ። ደመወዝዎ በባንክ የሚገባ ከሆነ የስድስት ወር የሒሳብ እንቅስቃሴ ያስወጡ።

• ከሆስፒታል ወይም ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የእርግዝናና የወሊድ ማስረጃ። ልደቱንም በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ያስመዝግቡ።

• የወሊድ ፈቃድ የጠየቁበትና የተፈቀደበት ደብዳቤ።

• ስለ እገዳው የተላከልዎ ማስታወቂያ፣ የስልክ መልእክት ወይም ሌላ ጽሑፍ።

ከዚያ በደረጃ ይሂዱ። መጀመሪያ ለአሠሪው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ «በወሊድ ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ፈቃዱ የሚያልቀው በዚህ ቀን ነው፤ የዚህ ወር ደመወዜ አልተከፈለኝም፤ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።» ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። አልቀበልም ካሉ በሰው ፊት አስረክበው ምስክር ይያዙ። በድርጅቱ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ያሳውቁ፤ የኅብረት ስምምነቱም ከአዋጁ የተሻለ መብት ሊሰጥዎ ስለሚችል ያንብቡት።

ሁለተኛ፣ ወደ ወረዳው የሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ይህ ድርጅት እገዳ ማድረጉን በጽሑፍ አሳውቋል? መቼ?» መልሱ ግማሹን ክርክር ሊጨርስ ይችላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያይልዎም ያመልክቱ።

ሦስተኛ፣ ካልተፈታ ክስዎን ለወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያቅርቡ። የእስቴ ሠራተኛ በመካነ ኢየሱስ፣ የላይ ጋይንቷ በነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንቷ በአርብ ገበያ፣ የስማዳዋ በወገዳ ማመልከት ትችላለች። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ቅር ከተሰኙ በ30 ቀን ውስጥ ደብረ ታቦር ለሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላሉ።

ከሁሉም በላይ ቀን ይቁጠሩ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አራስነቱ፣ ክርስትናው፣ የልጅ ሕመሙ ተደማምሮ ሦስት ወር ሳይታወቅ ያልፋል። መሄድ ካቃትዎ ባልዎን፣ ወንድምዎን ወይም እናትዎን በሕጋዊ ውክልና ይላኩ።

ለአሠሪዎችና ለሕግ አውጪዎች

ለአሠሪዎች የምለው አለ። መካነ ኢየሱስ ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ይዞ የሚታገል ባለ ድርጅት ገቢው ተቋርጦ ለአራስ ደመወዝ መክፈል እንደሚከብደው አውቃለሁ። መፍትሔው ግን እናትን በስልክ ማገድ አይደለም። በ3 ቀን ውስጥ ያሳውቁ፤ ውሳኔውን በጽሑፍ ይያዙ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችውን ከዝርዝሩ ለይተው ፈቃዷ እስኪያልቅ ይክፈሏት። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ይስማሙ። ይህ ከፍርድ ቤት ካሳ ይረክሳል።

የሸክሙ አወቃቀር ራሱ መታየት አለበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ያወጣው የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ እንዲሰጥ፣ ክፍያውም በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ብቻ ሳይወድቅ በማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን ይላል። የእኛ 120 ቀን በርዝመት ከዚያ ይበልጣል፤ ሙሉ ወጪው ግን በአሠሪው ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ድርጅት በተቸገረ ቁጥር የመጀመሪያዋ ተጎጂ አራሷ ትሆናለች። ሕግ አውጪው ሁለት ነገር ቢያደርግ ክርክሩ ይቀላል፦ እገዳ የወሊድ ፈቃድ ክፍያን እንደማያስቆም በአንድ ንዑስ አንቀጽ በግልጽ ይጻፍ፤ ለወሊድ ክፍያም የጋራ መድን ይቋቋም።

ያ እስኪሆን ድረስ በእጅዎ ያለው ሕግ በቂ ጉልበት አለው። ፈቃድዎ እስከ መጨረሻው ቀን የእርስዎ ነው። ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ያልተከፈለዎትን ደመወዝ ስድስት ወር ሳይሞላ ይጠይቁ።